የኮሶ ልክ፦ በስሜን ግርጌ የቤት ውስጥ መድኃኒት ምርጫና መጠን

ሰው ሐኪም ሳያየው ራሱን ወይም የቤተሰቡን አባል ሊያክም ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ የመጀመሪያው ለያዘው ሕመም የሚበጀው መድኃኒት የትኛው ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተመረጠው መድኃኒት ስንት ይሁን፣ በምን ተበጥብጦ፣ መቼና ለስንት ቀን ይወሰድ የሚል ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ቀበሌዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ ከአባት ከእናት የወረደ ሰፊ እውቀት አለ፤ የጓሮውን ጤና አዳም፣ የገደሉን ጦስኝ፣ የአጥሩን ዳማ ከሴ ለይቶ የማያውቅ አርሶ አደር በዚያ አካባቢ ማግኘት ይከብዳል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጥቂት»፣ «አንድ ጭብጥ» ወይም «እስኪበቃው» ከማለት አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ በቤት ውስጥ ሕክምና መምረጥና መመጠን አንድ ሥራ እንጂ ሁለት ሥራ አለመሆናቸው፣ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒትም በትክክል ተመርጧል ሊባል የማይችል መሆኑ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ከኮሶ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በሳይንሳዊ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ ዛፍ የደጋ ተክል ሲሆን፣ በሊማሊሞ ገደልና በስሜን ተዳፋቶች፣ እንዲሁም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይታያል። ዛፉ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ለየብቻው ይበቅላል፤ የሴቴው አበባ ዘለላ ወደ ቀይ የሚያደላና የተንዠረገገ ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚመረጠውም እርሱ ነው። ኮሶ የሚለው ስም ለዛፉም፣ ከአበባው ለሚዘጋጀው መጠጥም፣ መጠጡ ለሚያስወጣው ትልም ያገለግላል። ትሉ በሳይንስ ቴኒያ ሳጂናታ የሚባለው ጠፍጣፋና ባለ ብዙ ክፍል የአንጀት ጥገኛ ነው፤ ወደ ሰው የሚገባውም በውስጡ የትሉን እጭ የያዘ የበሬ ወይም የላም ሥጋ በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል ሲበላ ነው። አድጎ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ከኋላው የሚቆረጡት ነጫጭ ክፍሎችም በሰገራ ወይም በልብስ ላይ ስለሚታዩ በሽተኛው ያለ መመርመሪያ መሣሪያ ሕመሙን ራሱ ማወቅ ይችላል። በቤት ሕክምና ውስጥ ምርጫው ይህን ያህል ቀላል የሆነለት በሽታ ብዙ አይደለም።

አዘገጃጀቱን በጽሑፍ ካስቀሩት የውጭ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በሊማሊሞ አቀበትና በደባርቅ በኩል አልፎ በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ገባ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም የኮሶን ሥዕል አስገብቶ፣ አንድ ጭብጥ የደረቀ አበባ በሁለት ሊትር ገደማ ጠላ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደሚያድርና በማግሥቱ ጠዋት እንደሚጠጣ ገለጸ። የሚጠጣው ሰው በዚያ ቀን ከወዳጅ ከዘመድ ተሰውሮ ከቤቱ እንደሚውልም አስተዋለ። ይህ ልማድ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የቆየ ሲሆን፣ ኮሶ የጠጣን ሰው ለሥራ ማዘዝም ሆነ በጉዳይ ማስቸገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ለመድኃኒት የሚሰጥ የእረፍት ቀን በባህል የጸናበት አገር ብዙ ስላልሆነ ልማዱ ሊደነቅ ይገባዋል፤ ሕዝቡ መጠጡ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ጠንቅቆ ማወቁንም ያሳያል።

ይሁን እንጂ «አንድ ጭብጥ» መጠን ነው ሲባል ስንት ነገር እንደሚለዋወጥ ማሰብ ያስፈልጋል። የጎልማሳ አራሽ ጭብጥና የአንዲት ልጃገረድ ጭብጥ እኩል አይደሉም፤ ያልተፈጨ አበባና በወፍጮ የላመ ዱቄት በአንድ እጅ ውስጥ እኩል አይመዝኑም፤ ዘንድሮ የተለቀመው ከርሞ ከሰነበተው ይልቅ ይበረታል፤ በገበያ የሚሸጠው ከወንዴው አበባ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነም ገዢው ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ላይ አንዱ በውኃ፣ ሌላው በጠላ ይዘፈዝፈዋል፤ አንዱ አተላውን ጥሎ ይጠጣል፣ ሌላው ከነአተላው ይጨልጠዋል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን «አንድ ጭብጥ» ጠጥተው አንዱ ሌላው ከወሰደው ብዙ እጥፍ የሚሠራ ንጥረ ነገር ወስዶ ሊሆን ይችላል።

መጠኑ ሲያንስ የሚሆነው በሕዝቡ ልማድ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል ማለት ይቻላል። ኮሶ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚጠጣ መድኃኒት እንደሆነ ተጓዦችም አገሬዎችም ይናገራሉ፤ ምክንያቱም መጠጡ የትሉን ረጅም አካል ቆርጦ ቢያወጣም፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ትንሽ ራሱ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ የቀረው ራስም በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ አዲስ አካል አብቅሎ ክፍሎቹን እንደገና ማውረድ ይጀምራል። ጥሬ ሥጋ መብላቱ ስላልቆመ እንደገና መያዝም አለ፤ ነገር ግን በየሁለት ወሩ የሚመለሰው ትል ሁልጊዜ አዲስ ሳይሆን ካለፈው መጠጥ የተረፈ ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል ይገባል።

መጠኑ ሲበዛ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ የተለመዱ ስለሆኑ እንደ መድኃኒቱ ሥራ ይቆጠራሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ከባድ ድካም፣ የልብ ምት መዛባትና ራስን መሳት ይከተላሉ። ከሁሉ የሚያሳስበው የዓይን ጉዳት ሲሆን፣ ኮሶ ከጠጡ በኋላ የዓይናቸው ብርሃን የቀነሰ ወይም የጠፋ በሽተኞች በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ከታወቁ ቆይተዋል፤ በ1985 በጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናትም ኮሶ፣ እንዲሁም በአገራችን እንቆቆ ከሚባለው ጋር ከአንድ ወገን የሆነ የእስያ ተክል፣ የዓይንን ውስጠኛ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን እንደሚጎዱ አሳይቷል። በአውሮፓ ለተመሳሳይ ትል ይሰጥ የነበረውና በኬሚካዊ ጠባዩ ለኮሶ የሚቀርበው የፈርን ሥርም በዓይነ ስውርነት አደጋው ምክንያት ከሐኪሞች እጅ ወጥቷል። ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ የአገሬው ባህል ራሱ ይከለክላል፤ መጠጡ ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ክልከላው ትክክል ነው። ማሕፀንን የሚያኮማትረው ጤና አዳምም ለነፍሰ ጡር እንደ መድኃኒት በብዛት መጠጣት የለበትም፤ ይህ ግን እንደ ኮሶው ክልከላ በሰፊው አይነገርም።

ኮሶ ወደ አውሮፓ ሲሻገር መጀመሪያ የተለወጠው መለኪያው ነበር። በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1820ዎቹ መድኃኒቱን ለአውሮፓ ካስተዋወቀ በኋላ አበባው እየደረቀ በጥቅል ይሸጥ ጀመር፤ በ1864 በወጣው የብሪታንያ ፋርማኮፒያ፣ ማለትም በመንግሥት በጸደቀው የመድኃኒቶች መዝገብ ውስጥም ገባ። በጊዜው የነበሩ የመድኃኒት መጻሕፍት መጠኑን ከሩብ እስከ ግማሽ ኦውንስ፣ ይህም በግራም ከ7 እስከ 14 ገደማ አድርገው ወሰኑት። ከአውሮፓ የመጣው አዲስ ነገር ሚዛኑ ብቻ ነበር፤ የሴቴውን አበባ መምረጥ፣ በባዶ ሆድ መጠጣት፣ ቀኑን ማረፍ፣ እነዚህ ሁሉ የተወሰዱት ከኢትዮጵያ ነው።

የመጠንን ጥያቄ ፍጹም በሌላ አቅጣጫ የመለሰ የሕክምና መንገድም በዚያው ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተነሥቷል፤ እርሱም ሆሚዮፓቲ የሚባለው ነው። በስሜን አካባቢ የሚሠራበት ልማድ ባይሆንም፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የሚያዩት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም የሚገዙት ስለሆነ ምንነቱን ማወቅ ይጠቅማል። መሥራቹ ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን (1755–1843) ሲሆን፣ በ1790 የወባ መድኃኒት የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት ራሱ ቀምሶ ትኩሳት የመሰለ ስሜት ስለተሰማው፣ በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ምልክት የሚያመጣ ነገር ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ይፈውሳል ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በዚህ አካሄድ ቀይ ሽንኩርት ዓይንና አፍንጫን ስለሚያስነባ ለጉንፋን መድኃኒት ይሆናል። ምርጫው የሚደረገው የበሽታውን ስም በመጠየቅ ሳይሆን የሕመምተኛውን ምልክቶች ሁሉ፣ ብርድ ይብሰዋል ወይስ ሙቀት፣ ጠዋት ይከፋዋል ወይስ ማታ፣ ይበሳጫል ወይስ ይተክዛል እያሉ በመጠየቅና በመጽሐፍ ከተዘረዘሩት የመድኃኒት ጠባዮች ጋር በማመሳሰል ነው።

መጠኑን በተመለከተ ሃነማን ያስተማረው መድኃኒቱ በቀጠነ ቁጥር እንደሚበረታ ነው። አንድ ጠብታ የተክል ጭማቂ ከ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ተቀላቅሎ ይናጣል፤ ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና ከ99 ጋር ይቀላቀላል፤ እያንዳንዱ ዙር «ሲ» በሚባል ደረጃ ይቆጠራል። ራሳቸውን ለሚያክሙ ሰዎች በብዛት የሚሸጡት 6 ሲ እና 30 ሲ ናቸው። የቁጥሩን ትርጉም ለመረዳት፣ አንድ ጠብታ ወደ ጣና ሐይቅ ቢጣልና ሐይቁ በሙሉ ቢማሰል የሚገኘው ቅጥነት ወደ 9 ሲ የሚጠጋ መሆኑን፣ 30 ሲ ለመድረስም ከዚያ በኋላ ገና ሃያ አንድ ዙር የሚቀር መሆኑን ማሰብ ይበቃል። በኬሚስትሪ ስሌት ከ12ኛው ዙር በኋላ ከመነሻው ንጥረ ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘት ዕድሏ እጅግ የመነመነ ነው።

በዚህ መንገድ ራስን ለማከም የሚሰጡት ደንቦች በባሕርያቸው ሥርዓታማ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ መድኃኒት ብቻ መውሰድ፣ ለውጥ እስኪታይ መታገሥ፣ መሻል ሲጀምር ማቆም፣ መሻሉ ሲገታ ብቻ መድገም። ኮንስታንቲን ሄሪንግ የተባለ ሐኪም በ1835 በአሜሪካ ከሐኪም ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ቁጥር የተሰጣቸው ብልቃጦች ከነመመሪያ መጽሐፋቸው አዘጋጅቶ በዚሁ ደንብ እንዲሠሩ አድርጓል። ዘመኑ ሐኪሞች በሽተኛን ደሙን እያፈሰሱና ሜርኩሪ እያዋጡ የሚያዳክሙበት ስለነበረ፣ ምንም የማይሠራ ነገር የተሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ የሆሚዮፓቲ መልካም ስም በከፊል የመጣው ከዚህ ይመስላል። በዛሬው መለኪያ ሲፈተን ግን ውጤቱ የተለየ ነው፤ የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶችን መርምሮ በ2015 ሆሚዮፓቲ እንደሚያድነው አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም በሽታ አለመኖሩን አስታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ለኤች አይ ቪ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለወባና ለሕፃናት ተቅማጥ ሕክምና እንዳይውል አሳሰበ።

ኮሶ በሆሚዮፓቲ መጻሕፍትም ውስጥ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ቦሪክ ባዘጋጀውና ዛሬም የሆሚዮፓቲ ተከታዮች በሚገለገሉበት የኪስ መጽሐፍ ውስጥ ኮሶ በስሙ ተጠቅሶ፣ ማቅለሽለሽን፣ የልብ ምት መዛባትንና ከባድ ድካምን እንደሚያመጣ ተጽፏል። እንደ ትምህርቱ ቢሆን የሚከተለው የቀጠነ ጠብታ መሆን ነበረበት፤ ትሉን ለማስወጣት የታዘዘው ግን ግማሽ ኦውንስ ነው፣ በሞቀ ውኃ ተበጥብጦ ለ15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የሚጠጣ። ባለ ብዙ ሜትር ትል እንደ ራስ ምታት በጊዜ ብዛት የሚሻል ነገር ስላልሆነ፣ መውጣቱም አለመውጣቱም በዓይን ስለሚታይ፣ የቅጥነት ትምህርት እዚህ ላይ ለሚዛን ቦታውን ለቀቀ።

የቀጠነ ሁሉ ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ዝቅተኛ ቅጥነት ያላቸው የሆሚዮፓቲ መድኃኒቶች የሚለካ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። በአሜሪካ ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ይሸጡ የነበሩ አንዳንድ ክኒኖች ቤላዶና የተባለውን ተክል በማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው መጠን በላይ ይዘው መገኘታቸውን የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 አረጋግጧል። በደባርቅ መንገድ ዳር የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ከቤላዶና ጋር ተመሳሳይ መርዞች ያሉት ነው፤ ለጥርስ ሕመም ፍሬውን የሚታጠኑት ሰዎች ጭሱን ስንት ትንፋሽ እንደሳቡት፣ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ የሚያውቁበት መንገድ የለም፤ ልጆች ፍሬውን ሲበሉትም ቅዠትና ሞት ያመጣል።

የአገራችን የብራና መድኃኒት መጻሕፍት ለመጠን ግድ አልነበራቸውም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ፖላንዳዊው ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን ከነዚህ መጻሕፍት የተወሰኑትን በ1968 ለኅትመት አብቅቷል። በደብተራዎች እጅ ሲገለበጡ በኖሩት ጽሑፎች የቀኑ ብዛት፣ የሚታቀቡት የምግብ ዓይነት፣ የሚጨመረው ማር ወይም ቅቤ ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ይነገራል፤ የዋናው ሥር ወይም ቅጠል ክብደት ግን ለአዋቂው እጅ የተተወ ነው። የብርቱ መድኃኒት ኃይል የሚመለስበት ማርከሻ የሚባል ሥርዓትም አለ፤ ሹሮ፣ ተልባ፣ ማር ወይም ወተት ለታማሚው እየተሰጠ መድኃኒቱ «እንዲበርድ» ይደረጋል። ማርከሻ መኖሩ ባህሉ ከልክ ያለፈ መጠን እንደሚያጋጥም ማመኑን ያሳያል፤ ነገር ግን ወደ ደም የገባ መርዝ በሹሮ አይመለስም፣ በማርከሻ ላይ ተማምኖ ጭብጡን ማብዛትም አደገኛ ነው። መጠኑን በቤተሰብ ምሥጢርነት የሚይዝ መድኃኒተኛ ሲሞት፣ ልጁ የተክሉን ስም ወርሶ ልኩን ሳይወርስ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ነው።

ስለ ምርጫ ሲነገር ከኮሶ ትል በተቃራኒ ትኩሳት እጅግ አታላይ ነው። ድንገት የሚያንቀጠቅጥና ከንፈር የሚያቆስል ሕመም ሲመጣ ምች ተብሎ የዳማ ከሴ ጭማቂ ይሸተታል፣ ከቡና ጋርም ይጠጣል፤ ቀላል ትኩሳት ከሆነ በጥቂት ቀን ይለቃል፣ ቅጠሉም ይመሰገናል። ይሁንና ከደባርቅና ከዳባት ለአጨዳና ለአረም ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደ ወጣት ወባ ወይም ካላዛር ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ በደጋውም ብርድ ላይ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና አገርሺ ትኩሳት አሉ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው በዚያው ቀን የጣት ደም መመርመር ያስፈልገዋል፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠና ከከሳ ደግሞ ካላዛር ስለሚጠረጠር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። ያበደ ውሻ ለነከሰው ሰው ምንም ዓይነት ሥር፣ በምንም ዓይነት ልክ፣ ክትባትን አይተካም፤ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላልና።

መጠንን መጠበቅ ከቤት አቅም በላይ እንዳልሆነ የሚያሳይ መድኃኒት በየጤና ኬላው ይገኛል፤ እርሱም ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። አንድ ጥቅል በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ውኃው ከበዛ ሕፃኑ ያጣውን ጨው አይተካም፣ ውኃው ካነሰ ጨዉ ራሱ ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ መጻፍና ማንበብ የማትችል እናትም ይህን በትክክል ትሠራለች፣ ምክንያቱም ጥቅሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የሊትሩም ጠርሙስ በእጇ አለ። ለኮሶ ትል ያለው መድኃኒትም እንዲሁ ልኩ የታወቀ ነው፤ ፕራዚኳንቴል በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ፣ ኒክሎሳማይድ ደግሞ ለአዋቂ 2 ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ሁለቱም የትሉን ራስ ጭምር ስለሚገድሉ በየሁለት ወሩ መመላለስ ይቀራል። ትሉ ያለበት ሰው ዛሬ ኮሶ የሚጠጣበት የሕክምና ምክንያት የለውም፤ የባህል ምክንያት ቢኖረው ግን ከመጠጣቱ በፊት ዓይኑን፣ ልቡንና ዕድሜውን ሊያስብ ይገባዋል፣ ለልጅም ሊሰጠው አይገባም።

የአገሬውን ተክል በሚዛን የማዘጋጀቱ ሥራ አልተዘነጋም። መተሬ የሚባለው ትንሽ ዘር እንደ ኮሶ ለዚሁ ትል ከኑግ ጋር ተወቅጦ የሚበላ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከዘሩ ጭማቂ ክኒን ሠርተው ጠባዩን አጥንተዋል፤ ጭብጥን ወደ ግራም የመለወጥ መንገዱ ይህ ነው። ለስሜን ግርጌ ግን ከክኒን በፊት የሚቀድም ቀላል ሥራ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝብ ጤና ክትትል ጣቢያ አለው፤ በዚያ የሚሠሩ ሰዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ልደትና ሞትን ከመመዝገብ ጋር፣ አንድ ጭብጥ ኮሶ፣ አንድ ቁንጥር ፌጦ፣ አንድ ሲኒ የዳማ ከሴ ጭማቂ በእያንዳንዱ ቤት ስንት ግራምና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በትንሽ ሚዛን ቢለኩ፣ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ያልያዙት መረጃ ይገኛል።

እስከዚያው ድረስ የቤት መድኃኒት ወስዶ የባሰበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የተረፈውን ቅጠል፣ አበባ ወይም ዱቄት ሳይጥል ይዞ መሄድ፣ ስንት እንደወሰደ በቃል ሳይሆን በራሱ እጅ ጨብጦ ማሳየት፣ በምን እንደበጠበጠውና በስንት ሰዓት እንደጠጣው፣ ከእርሱ ጋር ምን ሌላ ክኒን እንደዋጠም ሳያፍር መናገር ይኖርበታል፤ ተቀባዩ ባለሙያም እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሳይገሥጽ ጠይቆ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት፣ የተገሠጸ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃልና።